የማንፈልገው ድልድይ

ይህ የሆነባትን ከተማ ስም አልነግራችሁም። ለመደበቅ ብዬ አይደለም፤ ከተማችን ራሷ ስሟ በአደባባይ ሲጠራ ስለምታፍር ነው። ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ አንድ ማዘጋጃ ቤት፣ አንድ ገበያና ብዙ ይሉኝታ ያላት ከተማ ናት ካልኳችሁ ይበቃል። እኔ የከተማዋ ለፋፊ ነኝ። በአደባባይ መነበብ ያለበት ሁሉ የሚወጣው በእኔ አፍ ስለሆነ፣ የሆነውን ከእኔ የበለጠ የሰማ የለም።

በእኛ አገር ሰው የሚፈልገውን ነገር "እፈልጋለሁ" ብሎ መናገሩ ነውር ነው። አያቶቻችን እንደሚያወሩት ነገሩ የጀመረው ምኞት ላይ ቀረጥ በጣለ አንድ የጥንት ገዥ ነው። በሬ አማረኝ ያለ የበሬ፣ ዝናብ አማረኝ ያለ የዝናብ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። ሰዉም ብልህ ነውና መፈለጉን ሳይተው መናገሩን ተወ፤ የሚያምረውን ሁሉ "አልፈልግም" እያለ መጠየቅ ጀመረ። ገዥው ሞተ፣ ቀረጡም ከእሱ ጋር ተቀበረ፣ አነጋገሩ ግን ጨዋነት ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ በከተማችን የራበው እንግዳ "ምግብ የሚባል ነገር እንዳታሳዩኝ" ይላል፤ ወዲያው ይቀርብለታል። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲላኩ ደጅ ቆመው "ልጃችሁን አንፈልጋትም" ይላሉ፤ የልጅቷ አባት "እኛም አንሰጥም" ብሎ ይመልሳል፤ በዚያው የሠርጉ ቀን ይቆረጣል። ተሳስቶ የልቡን በስሙ የሚጠራ ከተገኘ ደግሞ የነውር ዳኛ አለን። የነውር ዳኛ ማለት ደወል ይዞ እየዞረ ሰው ምን እንደፈለገ የሚያዳምጥ ሹም ነው። ደወል የተደወለበት ሰው ከወንበሩ ይነሣል፤ ነጋዴ ከሆነ ከመደብሩ፣ ጸሐፊ ከሆነ ከጠረጴዛው። "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" የሚለው ተረት በማዘጋጃ ቤታችን በር ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር፣ ጋሽ ይርሳው የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። በአልፈልግም አጻጻፍ የሚደርስባቸው አልነበረም። ሌላው ጸሐፊ "ጣራዬ እንዲጠገንልኝ አልጠይቅም" ብሎ ይጨርሳል። እሳቸው ግን ጣራው ያፈሰሰው ውሃ አልጋውን እንዳላራሰው፣ ልጆቹም እንዳላሳሉ፣ ባለጉዳዩም ቆርቆሮ በሕልሙ እንኳ እንዳልታየው አድርገው ሲጽፉት፣ የሚያነበው ሹም እንባውን ይጠርግ ነበር። ቆርቆሮ ግን አይሰጥም።

እኚህ ሰው በዚህ ዓለም ከልባቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጃቸው ስንዱ ከወንዙ ማዶ ተዳረች፤ በተዳረች በዓመቱ ጎርፍ ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደው። ወንዙ ጥልቅ ነው፤ አዞም አለበት። ዞሮ የሚሄደው መንገድ በሌላ አውራጃ ስለሚያልፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ የሚጠየቀው አልፈልግም ተብሎ ነው፤ አልፈልግም ላለ ሰው ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። ስንዱ እዚያው ማዶ ሴት ልጅ ወለደች፤ ብርቄ አለቻት። ብርቄ ዳዴ አለች፣ ቆማ ሄደች፣ አፏን ፈታች። አያቷ ይህን ሁሉ ያዩት ከዚህ ዳር ሆነው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላቀፏትም።

በየሳምንቱ በገበያ ማግስት ጋሽ ይርሳው ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። ስንዱ ማዶ ልጇን ታቅፋ ትቆማለች። እንደ ወጉ ይጯጯሃሉ።

"አባባ፣ አትምጣ" ትላለች ስንዱ።

"አልመጣም፤ አልናፈቃችሁኝም" ይላሉ እሳቸው።

ይህን ከተባባሉ በኋላ ሁለቱም ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

ማዶ ዘመድ የሌለው ሰው በከተማችን ስለሌለ፣ ስለ ድልድዩ ሳናመለክት ያለፈ ዓመት የለም። የሚጽፉት ጋሽ ይርሳው ናቸው፤ "ድልድይ የሚባል ነገር አንጠይቅም" ብለው ይጀምራሉ። ከላይ የሚመጣውን መልስ በአደባባይ የማነበው እኔ ነኝ። "ድልድይ ባለመጠየቃችሁ ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን" ይላል። እናጨበጭባለን።

አንድ በጋ የአምሳል ሹም የሚባል አዲስ ባለሥልጣን ማሽን አስጭኖ መጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ማሽን ነው ተባለ፤ በቃል ጽፈው የሰጡትን ሥዕል አድርጎ ያወጣል። ከማሽኑ ጋር ግንበኞች መጥተዋል። የግንበኞቹ ሕግ አጭር ነበር፤ ሹሙ ማኅተም ያሳረፈበትን ሥዕል አንዲት ነገር ሳይጨምሩ፣ አንዲት ነገር ሳያጎድሉ መሥራት። ለአንድ ከተማ አንድ ነገር ይሠራሉ፤ በጋው ሊያልቅ ሲል ያልጀመሩት ሥራ ካለ ትተውት ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም።

ሕጉ የምር ነበር። ከእኛ በላይ ያለችው ከተማ የሰዓት ማማ አሠርታ ነበር። ማሽኑ ቁጥር ላይ ደከም ይላል መሰለኝ፣ በሥዕሉ ላይ ሰባት ቁጥር ሦስት ቦታ ተጽፎ አራት ቁጥር የትም አልነበረም። ግንበኞቹ እንደ ሥዕሉ ሠሩት። ዛሬ በዚያች ከተማ ሰዉ ሰባት ሰዓት በሆነ ቁጥር ምሳ ይበላል፤ ለአራት ሰዓት የተቀጣጠሩ ሰዎች ግን አሁንም እየተጠባበቁ ነው። ከእኛ በታች ያለችው ከተማ ትምህርት ቤት አሠርታ ደረጃው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከክፍል አንደኛ የሚወጣ ተማሪ እዚያ ድረስ ወጥቶ ግድግዳውን ነክቶ ይመለሳል፤ ወላጆችም ይኮራሉ።

እኛ ተሰብስበን ድልድይ እንደማንፈልግ በአንድ ድምፅ ወሰንን። ጽሑፉን ማን ያዘጋጅ ሲባል የሁሉም ጣት ወደ ዋርካው ዞረ።

ጋሽ ይርሳው ማሽን የሚባል ነገር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የተቀመጡት ግን እንደ ጀማሪ ሳይሆን እንደ ሊቅ ነው። የዕድሜያቸውን ምርጥ ጽሑፍ ጻፉ። ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በሕዝብ ፊት መነበብ ስላለበት፣ እኔ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት።

"ድልድይ አንፈልግም። በተለይም ጎርፍ የማይደፍረው፣ መሐሉ ያልተሰበረ፣ አዞ የማይወጣበት፣ በቅሎ ደንብራ ሰው የማትጥልበት፣ ጭቃ የማይዝ፣ ሽፍታ የማያደፍጥበት ድልድይ ከቶ አንፈልግም።"

ሴቶቹ አለቀሱ። የነውር ዳኛው ደወሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ሥዕሉን አወጣ።

ጎርፍ አለበት። ድልድዩ መሐል ለመሐል ተሰብሯል፤ ስብራቱ ላይ አዞ ተጋድሟል፤ ከአዞው ወዲህ አንዲት በቅሎ ደንብራለች፤ የጣለችው ሰው ገና መሬት አልደረሰም። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ከምሰሶው ጀርባ ሽፍታ አድፍጧል። ሽፍታው መልከ መልካም ነበር።

ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። የአምሳል ሹሙ ሥዕሉን አቅርቦም አርቆም ካየ በኋላ፣ በጽሑፉ የተጠቀሰው ሁሉ ስላለበት ጉድለት እንዳላገኘበት ተናግሮ ማኅተሙን አወጣ። የግንበኞቹ አለቃ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። ሥዕሉን በስንዝሩ ለካውና፣ አዞውን እነሱ ከወንዙ ይይዙት እንደሆነ ወይስ ከተማው እንደሚያቀርብ ጠየቀ። ስለ ሽፍታውም ቋሚ ቅጥር ይሁን የቀን ሠራተኛ እንዲወሰንለት አሳሰበ።

ያን ጊዜ የጋሽ ይርሳው ሚስት እትዬ ዘርፌ ከኋላ ተነሡ። እትዬ ዘርፌ ሹም ፊት ምላሳቸው የማይተሳሰር ሴት ናቸው። ድልድዩን እንደማይነቅፉት፣ ነገር ግን ለክብራቸው ሲባል መጀመሪያ የሚሻገሩበት ሹሙ ራሳቸው መሆን እንዳለባቸው ተናግረው ተቀመጡ። ሹሙ አዞውን እንደገና አየው። ማኅተሙን ኪሱ ከተተና ሌላ ሥዕል ይሞከር አለ።

ቤት ሲገቡ የሆነውን እትዬ ዘርፌ ራሳቸው ነግረውኛል። ቤት ውስጥ ደወሉ አይደርስም፤ እሳቸውም ባላቸውን ፊት ለፊት ይጠይቃሉ።

"የከተማው ሰው የማይፈልገውን ሁሉ ጽፈህለታል" አሉ። "አንተ ለመሆኑ ምን ዓይነት ድልድይ ነው የምትፈልገው?"

"ያልፈረሰ" አሉ ጋሽ ይርሳው።

"እሱማ ያልሆነውን ነገርከኝ። የሆነውን ንገረኝ።"

ጋሽ ይርሳው ድልድዩን ስንት ዓመት ሲመኙት ኖረው፣ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ አንድ ቀን እንኳ አስበው አያውቁም ነበር። ተናደዱ። ድልድይ ድልድይ ነው፣ ሌላ ምን አለው ብለው ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ።

በማግስቱም ይህንኑ ንዴታቸውን ማሽኑ ላይ ተወጡት። "ድልድይ" ብለው አንዲት ቃል ብቻ ጻፉ። የነውር ዳኛው ብዙ አሰላስሎ በአንድ ቃል ውስጥ ፍላጎት ሊኖር አይችልም ብሎ ፈረደና አነበብኩት። ማሽኑ እንደ ልቡ የሣለው የሰው አገር ድልድይ ነበር። ብረት ነው፤ በረዶ ለብሷል፤ ወፍራም ካፖርት የደረቡ ሰዎች አንገታቸውን ቀብረው ያልፉበታል፤ ጫፉ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ አይታይም። የግንበኞቹ አለቃ በረዶ በዚህ አገር እንደማይገኝ ገልጾ በባዘቶ ጥጥ ቢተካ ፈቃድ ጠየቀ።

የአምሳል ሹሙ አዘነልን መሰለኝ ምክር ሰጠ። ማሽንም እንደ ሹም ነው፣ ሲያሞግሱት ይሠራል፣ ቅጽል አትንፈጉት አለ። ጋሽ ይርሳው እጹብ ድንቅ፣ ወደር የለሽ፣ ዓይን የሚያፈዝ፣ ታይቶ የማይታወቅ፣ ክቡርና ግርማ የተላበሰ ብለው ደረደሩ። የወጣው ድልድይ በወርቅ የተለበጠ ሆኖ ከደመና ተነሥቶ ደመና ላይ ያርፍ ነበር። መሬት የሚነካበት ቦታ ፈልገን አጣን። እዚህ ላይ ለመውጣት መጀመሪያ መሞት ያስፈልጋል አሉ እትዬ ዘርፌ።

ከዚያ በኋላ የጋሽ ይርሳው ስም ወረደ። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላው ጸሐፊ ተሻገሩ። ግንበኞቹ መሣሪያቸውን ማሰር ጀመሩ፤ ሰማዩም በስተምሥራቅ ጠቆር ይል ጀመር። ጋሽ ይርሳው እንደ ፊደል ቆጣሪ ሦስቱን ሥዕሎች ፊታቸው ዘርግተው ያፈጡባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በገበያ ማግስት ጠዋት ወደ ወንዙ ወረዱ። እኔም አብሬያቸው ወረድኩ። ስንዱ ማዶ ቆማለች፤ ብርቄ ከእቅፍ ወርዳ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣለች። ስንዱ እያለቀሰች እንደ ወጉ "አባባ፣ አትምጣ" ብላ ተጣራች። ጋሽ ይርሳው ሳይመልሱ፣ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች። በዚያች ትንሽ ክንዷ ያላትን ጉልበት ሁሉ አሰባስባ ወደ እኛ ወረወረችው፤ ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ወደቀ።

"አትምጣ ተብለሃል" አለች ብርቄ። "ሂድ ከዚህ።"

ጋሽ ይርሳው መጀመሪያ ሳቁ፤ ወጉን የተማረች መሰላቸው። ሁለተኛውን ድንጋይ ስታነሣ ግን ሁኔታዋን አዩት። ልጅቷ የምሯን ነበር። ወግ የሚባለውን ገና ማንም አላስተማራትም፤ የምታውቀው እናቷ በየሳምንቱ እያለቀሰች አንድን ሽማግሌ አትምጣ ስትል ነው። እናቴን የሚያስለቅሳት ክፉ ሰው ይሄ ነው ብትል ማን ይፈርድባታል። ስንዱ የልጇን እጅ ለመያዝ ስትታገል እኛ ፊታችንን አዙረን ወጣን።

ዳገቱን ስንወጣ ጋሽ ይርሳው አለቀሱ። እኔ እያየኋቸው፣ ሳይደብቁኝ አለቀሱ። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይቺ ልጅና ያ ማሽን አንድ ናቸው" አሉኝ። "የነገርካቸውን ነው የሚሰሙት። ሹሞቹማ የምንለው ይገባቸው ነበር፤ እንዳልገባቸው መሆኑ ነው የተመቻቸው።"

ከዚያም ወደ ቤት አልገቡም። ተመልሰው ወንዝ ዳር ወረዱና እትዬ ዘርፌን አስጠሩ። ያን ቀን ባልና ሚስት ሲሠሩ የዋሉትን ያየ ሰው አብደዋል ይል ነበር። ጋሽ ይርሳው የወንዙን ድንጋይ እያነሡ በእጃቸው ይመዝናሉ። ከትናንቱ ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎችን አስቁመው ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ጎን ለጎን አሳልፈው በምርኩዛቸው ለኩ። እትዬ ዘርፌ ሳያፍሩ ይጠይቃሉ። ውሃው የት ጋ ነው የሚያልፈው? በሥር። ልጅቷ ስትሮጥ ብትንሸራተትስ? ጋሽ ይርሳው አሰቡና በልጅ ደረት ልክ መከለያ ይኖረዋል አሉ። ጊዜው መቼ ነው? ጠዋት። ከየት ሆነን ነው የምናየው? ጋሽ ይርሳው ዙሪያቸውን ተመለከቱና፣ ከዚህ፣ እኔ ሁልጊዜ ከምቆምበት አሉ። በመጨረሻ እትዬ ዘርፌ ድልድዩ ላይ ማን እንዳለ ጠየቋቸው። ጋሽ ይርሳው የዚህን መልስ ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግንበኞቹ በቅሎዎቻቸውን ጭነው ደጅ አቁመዋል። ጋሽ ይርሳው ወረቀቱን ሰጡኝ። የመጀመሪያውን መስመር አይቼ የነውር ዳኛውን ደወል አየሁ። ከዚያ አነበብኩ።

"ድልድይ እፈልጋለሁ።"

ደወሉ ተደወለ። ሕጉ ደወል ሲደወል ለፋፊው ዝም ይበል ይላል። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ጋሽ ይርሳው እንደሆነ ወንበራቸውን በዚያች ሰዓት አጥተዋል፤ ዝም ካልኩ በከንቱ አጡት ማለት ነው። እኔም ማዶ እህት አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ድምፄን ከደወሉ በላይ ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።

"ድልድዩ ከወንዛችን ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። ከእኛ ዳር ተነሥቶ ማዶ ዳር ላይ ያርፋል። ሦስት ቅስት አለው፤ ውሃው በቅስቶቹ ሥር ረጋ ብሎ ያልፋል። ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ሳይነካኩ የሚተላለፉበት ያህል ይሰፋል። ግራና ቀኙ በትንሽ ልጅ ደረት ልክ የተገነባ መከለያ አለው። ጊዜው ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ከማዶ ወጥታለች፤ ድንጋዩ ደረቅ ነው። የምናየው ከእኛ ዳር ቆመን ነው። ማዶ ጫፍ ላይ አንዲት ሴት የትንሽ ልጇን እጅ ይዛ ቆማለች። ድልድዩ መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ ወደ እነሱ እየሮጠ ነው።"

ስጨርስ ደወሉ አሁንም ይጮህ ነበር። ከጥግ በኩል አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ተነሥታ፣ እኔም ያንኑ ድልድይ እፈልጋለሁ አለች። ዳኛው ወደ እሷ ዞሮ ደወለ። ከወዲህ አንድ ልብስ ሰፊ፣ እኔም እፈልጋለሁ፣ ወንድሜ ማዶ ነው አለ። ወደ እሱ ዞረ። ሌላው ተነሣ፤ ሌላዋም ተነሣች፤ አንዱማ ነገሩ ስለጣመው ድልድዩንም፣ አዲስ ጫማም፣ ሚስትም እፈልጋለሁ አለ። ዳኛው በግራም በቀኝም እየተሽከረከረ ደወለ፤ ላብ አጠመቀው፤ ክንዱ ዛለ። በመጨረሻ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ፣ "ውሃ እፈልጋለሁ" አለ። የተናገረውን ራሱ ሰማው። ሕግ አክባሪ ሰው ነውና ደወሉን አንሥቶ ለራሱ አንዴ ደወለ። ውሃ አመጡለት፤ ጠጣ፤ በሕይወቱ እንዲህ የጣፈጠ ውሃ ጠጥቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

በዚህ መሐል ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ኖሯል። ጋሽ ይርሳው ሥዕሉን አነሡት። አላሳዩንም፤ ብቻቸውን ያዩታል። እትዬ ዘርፌ ሄደው ከኋላቸው አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱና እልል አሉ። ከዚያ ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ እኔም ደረሰኝ። የእኛ ወንዝ ነው። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሦስቱ ቅስቶች፣ መከለያው፣ የጠዋቷ ፀሐይ፣ ሁሉም እንደተባለው አለ። እዚህ ከተማ ተወልጄ ሳረጅ የምንፈልገውን ነገር ተሥሎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስታው ደረቴን ሊያፈነዳው ደረሰ።

የአምሳል ሹሙ መነጽሩን አድርጎ መረመረና አንድ ነውር አገኘ፤ ማዶ የቆመችው ሴት ከልጇ ጋር በተያያዘችበት እጅ ላይ ስድስት ጣት ይቆጠራል። ሥዕሉ ይለወጥ አለ። ደጅ ያሉት በቅሎዎች መሬት ይቆፍራሉ፤ በጋው ሊያልቅ ነው። እትዬ ዘርፌ ትርፍ ጣት ለያዘ እጅ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም አጥብቆ ይይዛል አሉ። ሹሙ ማኅተሙን አሳረፈ።

ግንበኞቹ ጭነታቸውን አራገፉ። ጋሽ ይርሳው በሕጉ መሠረት ጠረጴዛቸው ስለተወሰደባቸው ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሥራውን ያዩ ነበር። ሰዉም ወደዚያው ወረደ። ጋሽ ይርሳው፣ እስቲ እንዴት እንደሚፈለግ አስተምሩን ይሏቸዋል። እሳቸውም እትዬ ዘርፌ የጠየቋቸውን ይጠይቋቸዋል፤ ምንድን ነው፣ ከምን የተሠራ ነው፣ የት ነው፣ ማን አለበት? ብዙዎቹ ከአንድ ጥያቄ በላይ አያልፉም፤ አስበው ሊመለሱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በዚያ ሰሞን ከተማችን ውስጥ ግንባሩን ቋጥሮ የማያስብ ሰው አልነበረም። ጋሽ ይርሳው ጠላትም አፍርተዋል፤ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ይርሳው ከተማውን ባለጌ አደረገው እያሉ ያሟቸው ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ድልድዩ ቆመ። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ከማዶ ወጥታለች። ለመሻገር ግር ብለን ስንወጣ የግንበኞቹ አለቃ እጆቹን ዘርግቶ ከለከለን። ሥራው አላለቀም አለ። ሥዕሉን ዘርግቶ አሳየን። ድንጋዩ አለ፣ ቅስቱ አለ፣ መከለያው አለ፤ ሴትዮዋ፣ ልጅቷና የሚሮጠው ሽማግሌ ግን የሉም። እነሱ ሳይሟሉ ድልድዩን አላስረክብም አለ።

ወደ ማዶ ተጮኸ። ስንዱ የልጇን እጅ ይዛ እየበረረች መጣችና ጫፉ ላይ ቆመች። አለቃው ሄዶ የተያያዙትን እጆች ቆጠረ፤ የእናትየዋ አምስቱ ጣቶችና በመካከላቸው ብቅ ያለችው የልጅቷ ትንሽ ጣት ስድስት ሆኑ። ራሱን ነቅንቆ ተመለሰና ጋሽ ይርሳውን በእጁ ጠራቸው።

ጋሽ ይርሳው ጋቢያቸውን አስተካክለው በክብር መራመድ ጀመሩ። አለቃው አስቆማቸው።

"በሥዕሉ ላይ ይሮጣሉ" አለ።

ጋሽ ይርሳው ጉልበታቸው እንደሚያማቸው፣ ከሮጡም ዘመን እንደሌላቸው ነገሩት። አለቃው ሥዕሉን ብቻ አሳያቸው። ጋሽ ይርሳው ሥዕሉን አዩ፣ ማዶ አዩ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእትዬ ዘርፌ ሰጡና ሮጡ። አሯሯጣቸው አያምርም ነበር፤ ምርኩዛቸው መሐል ላይ ወደቀ፤ ቆመው አላነሡትም። እኛ ከኋላ ሆነን እንጮሃለን፣ እናጨበጭባለን፣ እናለቅሳለን።

ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሱ፤ ሥዕሉ ስለተሟላ አለቃው መንገዱን ለቀቀልንና እኔም ደረስኩባቸው። ብርቄ ከእናቷ ፊት ወጣች። ድንጋይ አልያዘችም፤ ግን መንገዱን አልለቀቀችም። ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

"ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?" አለች።

የነውር ዳኛውም እዚያው አጠገባችን ቆሟል። ጋሽ ይርሳው በሚያማቸው ጉልበት ተንበረከኩ።

"አንቺን ፈልጌ" አሉ።

ደወሉ አልተደወለም። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ሰዉ ሁሉ መሻገር ጀምሮ ነበር።